ዘመናዊቱን አሜሪካ የሠራት ዓመት የትኛው ነው? የእኔ መልስ 1965 ነው

ማኅደር (ክሩን የከፈተች)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች ሁሉ። የታሪክ ትምህርት ክፍል የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚህ መንፈቀ ዓመት የዘመናዊቱን አሜሪካ ታሪክ እየተማርን ሲሆን መምህራችን አንድ የመወያያ ጥያቄ ጣል አድርገውልን ነበር፦ ዛሬ የምናያትን አሜሪካ ከሁሉ በላይ የቀረጸው ዓመት የትኛው ነው? ክፍሉ በሦስት ተከፈለ። አንዱ ወገን የድልና የአቶሚክ ቦምብ ዓመት ነው ብሎ 1945ን ያዘ። ሌላው ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ የተገደሉበትን 1968ን መረጠ። የቀሩት የሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት የደረሰበትን 2001 አሉ። እኔ ብቻዬን 1965 ብዬ ስሟገት ሰዓቱ አለቀ፤ የቀረውን እዚህ ልጨርሰው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ 1965 በእኛ 1957 እና 1958 ነው።)

1965 ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ያስከበረውን የመራጮች መብት ሕግ ነው። እኔ የምለው ሌላውን ነው። ኦክቶበር 3 ቀን ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ኒውዮርክ ወደብ ላይ፣ በነጻነት ሐውልት እግር ሥር ተቀምጠው አዲሱን የኢሚግሬሽን ሕግ ፈረሙ። በዚያው ንግግራቸው ሕጉ አብዮታዊ እንዳልሆነ፣ የሚሊዮኖችንም ሕይወት እንደማይነካ ተናገሩ። አንድ ፕሬዚዳንት ከዚህ የከፋ ትንበያ ተንብዮ ያውቅ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ከዚያ በፊት ይሠራ የነበረው ሥርዓት በ1924 የተተከለው ነበር። የ1924ቱ ሕግ ለየአገሩ ኮታ ሲመድብ የለካው በ1890 የሕዝብ ቆጠራ ነው፤ በዚያ ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ከተገኙት የአገሩ ተወላጆች ሁለት በመቶ። ዓመቱ የተመረጠው ሆን ተብሎ ነው። ጣሊያኖች፣ ፖላንዶችና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች በብዛት ከመግባታቸው በፊት ያለ ቆጠራ ስለሆነ እንግሊዝና ጀርመን ሰፊ በር ሲያገኙ የእነርሱ ጠበበ። እስያውያን ጭራሽ ተዘጋባቸው። ኢትዮጵያ በዓመት 100 ሰው ተመደበላት፤ ይህም ለማንም የሚሰጠው ዝቅተኛው ኮታ ነበር።

ያኔ ሕጉን ተቃውመው ከተናገሩት አንዱ ከብሩክሊን የተመረጡ አዲስ የምክር ቤት አባል ኢማኑኤል ሴለር ነበሩ። ተሸነፉ። ወንበራቸውን ግን አልለቀቁም። ከ41 ዓመት በኋላ፣ የምክር ቤቱ የፍትሕ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነው፣ ያንን ሥርዓት የሻረው ሕግ በእርሳቸውና በሴናተር ፊሊፕ ሃርት ስም ወጣ። በፖለቲካ ውስጥ ቂም በጎ ፍሬ የሚያፈራበት ጊዜ አለ ብል አታጥላሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። አስተዳደሩ በመጀመሪያ ያቀረበው ረቂቅ ሙያ ላላቸው ሰዎች ቅድሚያ የሚሰጥ ነበር። የኢሚግሬሽን ንዑስ ኮሚቴውን ይመሩ የነበሩት የኦሃዮው ማይክል ፊገን ግን ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ፣ ቤተሰብ እንዲቀድም ግድ አሉ። ስሌታቸው ብልጠት ነበረበት፦ አብዛኛው አሜሪካዊ ዘሩ ከአውሮፓ ነው፤ ዘመድ ዘመዱን ከጠራ የሚመጣው አውሮፓዊ ነው፤ ስለዚህ ኮታው በወረቀት ቢሻርም በተግባር ይቀጥላል። ያልታያቸው ነገር በ1965 አውሮፓ ጠግባ ማደሯ ነው። የሚላኖ ሠራተኛ አሜሪካ ሄዶ ምን ያደርጋል? በሙያው ወይም በትምህርት የገባው የሴኡል ሐኪምና የቦምቤ መሐንዲስ ግን ዜግነቱን ሲያገኝ ሚስቱን፣ ወላጆቹን፣ እኅት ወንድሞቹን ጠራ። እነርሱም በተራቸው ጠሩ። በ1970 ከአሜሪካ ሕዝብ በውጭ አገር የተወለደው 4.7 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ወደ 14 በመቶ ተጠጋ። አውሮፓን ለመጥቀም የገባች አንዲት ቅደም ተከተል እስያንና ላቲን አሜሪካን፣ ኋላም አፍሪካን አስገባች።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ የዘመናዊቱን አሜሪካ ታሪክ በጥይትና በንግግር ብቻ መጻፍ ስሕተት ነው። ትልቁን ለውጥ ያመጣው አርቃቂዎቹ ራሳቸው «ምንም አይለውጥም» ያሉት አንቀጽ ነው። ተቃውሞ ካላችሁ ወዲህ በሉ።

---

ዝም አይነቅዝም
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡42

ርእሱን ሳየው የ1965ቱ የወሎ ድርቅ መስሎኝ ስሮጥ መጣሁ። የፈረንጅ መሆኑን ሳውቅ ልመለስ ነበር፤ የሴለር ነገር ያዘኝ። 41 ዓመት ወንበር ላይ መቆየት እኛም አገር ያለ ነው፤ ሕግ ሽሮ መውረድ ነው የጠፋው።

---

የአዋሽ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ማኅደር፣ ጽሑፍሽ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ዋናውን አሳንሰሽዋል። የመራጮች መብት ሕግ ባይኖር ያንቺ ሕግም አይኖርም ነበር።

ማርች 7 ቀን 1965፣ እሑድ። አላባማ፣ ሰልማ ከተማ። ስድስት መቶ ያህል ሰልፈኞች ወደ ሞንትጎመሪ ለመጓዝ ተነሡ። የሚሻገሩት ድልድይ የኤድመንድ ፔተስ ድልድይ ይባላል፤ ፔተስ በእርስ በርስ ጦርነቱ የደቡቡ ጦር ጄኔራል የነበረና ኋላም በአላባማ የነጭ የበላይነት አራማጁ የኩ ክላክስ ክላን አለቃ የሆነ ሰው ነው። ጥቁሮች የድምፅ መብት ለመጠየቅ በእርሱ ስም ላይ ተራመዱ ማለት ነው። ማዶ የጠበቃቸው ፖሊስ በአስለቃሽ ጭስና በዱላ ተቀበላቸው። የ25 ዓመቱ ጆን ሉዊስ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። የዚያን ዕለት ምሽት አንድ ትልቅ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ናዚዎች ፍርድ የሚተርክ ፊልም እያሳየ ነበር፤ ፊልሙን አቋርጦ የሰልማን ምስል ለቀቀው። ተመልካቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ምን እንደተሰማው አስቢው። በስምንተኛው ቀን ጆንሰን ምክር ቤቱ ፊት ቆመው የሰልፈኞቹን መዝሙር ቃል ደገሙት፤ ኦገስት 6 ቀን ሕጉ ተፈረመ።

ውጤቱስ? በሚሲሲፒ ከሕጉ በፊት ለመምረጥ የተመዘገበው ጥቁር ከመቶ ሰባት አይሞላም ነበር። በ1967 ወደ ስልሳ በመቶ ደረሰ። በሁለት ዓመት ውስጥ ማለት ነው! ያንቺ የኢሚግሬሽን ሕግ ይህን ለማሳየት ሠላሳ ዓመት ፈጀበት። የኮታው ሥርዓትም የወደቀው አገሪቱ በዘር መለየትን በሕግ መደገፍ ያፈረችበት ሰዓት ላይ ስለሆነ ነው። እናትየዋን ትተሽ ልጅቷን አነገሥሽ።

---

ማኅደር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡31

ጥቅስ ከየአዋሽ ልጅ፦ «እናትየዋን ትተሽ ልጅቷን አነገሥሽ»

እናትነቷን አልክድም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የሰልማ ሰልፍ ባይቀድሙ ኖሮ ሴለር በ1965ም ይሸነፉ ነበር፤ ይህን እቀበላለሁ። ጥያቄው ግን ማን ወለደ ሳይሆን የቱ የማይመለስ ለውጥ አመጣ የሚል ነው። የመራጮች መብት ሕግ ጥርሱ ያለው አምስተኛው አንቀጽ ላይ ነበር፤ በምርጫ ዘር የመለየት ታሪክ ያላቸው ግዛቶች የምርጫ ደንብ ከመለወጣቸው በፊት የፌዴራል መንግሥቱን ፈቃድ እንዲያገኙ ያስገድዳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013፣ በአምስት ለአራት ድምፅ፣ የትኞቹ ግዛቶች እንደሚገደዱ የሚወስነውን ቀመር ሲጥለው አንቀጹ ሥራ ፈት ሆነ። በአንድ ቀን ውሳኔ። የኢሚግሬሽኑን ሕግ ነገ ጠዋት ቢሽሩት ግን ልጆቹ ተወልደው አድገዋል፤ አሜሪካውያን ናቸው። ማንም ዳኛ ሊሽራቸው አይችልም።

---

በርበሬ ተራ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

የታሪክ ተማሪዎች ሕግ መቁጠር ትወዳላችሁ፤ የኢኮኖሚክስ ሰው ደመወዝ ይቆጥራል። ሁለታችሁም የተከራከራችሁት አሜሪካውያን እነማን እንደሆኑ ነው። እኔ እንዴት እንደሚያድሩ ልጠይቅ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ ሠራተኛ ምርታማነትና ደመወዝ ጎን ለጎን ይወጡ ነበር። ከዚያ በኋላ ምርታማነቱ መውጣቱን ቀጠለ፣ የተራው ሠራተኛ ደመወዝ ግን ወደ ኋላ ቀረ። ኦገስት 15 ቀን 1971 ኒክሰን ዶላሩን ከወርቅ አላቀቁት። በ1973 የነዳጅ ማዕቀቡ መጣ። በ1981 የበረራ ተቆጣጣሪዎች አድማ ሲመቱ ሬገን ከ11,000 በላይ የሚሆኑትን በአንድ ጊዜ አባረሩ፤ የግል አሠሪውም ሁሉ መልእክቱን ሰማ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከሠራተኛው አንድ ሦስተኛ ያህሉ የማኅበር አባል ነበር፤ ዛሬ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው።

የዛሬው የአሜሪካ ፖለቲካ ቁጣ ከዚህ ነው የሚመነጨው። ፋብሪካው የተዘጋበት የኦሃዮ ሰው የሚያኮርፈው ጎረቤቱ ከየት እንደመጣ ስላወቀ ሳይሆን የአባቱን ቤት መግዛት ስላቃተው ነው። ጎረቤቱን የሚያሳዩት በኋላ ነው። ስለዚህ እኔ 1973 እላለሁ፤ ብትገፉኝ 1981።

---

ጡረተኛው መምህር
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ልጆቼ፣ ክርክራችሁን ሳነብ አመሸሁ፣ ጠዋትም ደገምኩት። እኔ ያን ዘመን በተማሪነት ስላየሁት ጥቂት ልበል።

በ1962 የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ መምህራን በአንድ ጊዜ ገቡ። እኛ ትምህርት ቤት የደረሰን የሒሳብ መምህር ቀጭን ወጣት ነበር፤ ቾክ ይዞ ሲያስረዳ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ ስንሳሳት አይቆጣም። የኢትዮጵያው ቡድን ኃላፊ ሃሪስ ዎፈርድ ይባሉ ነበር። ከዚያ በፊት የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሲቪል መብቶች አማካሪ የነበሩ ሰው ናቸው። አገራችንን ለቀው ከሄዱ በኋላ በ1965 ከሰልማ በተነሣው ሰልፍ ተሰልፈዋል። የአዋሽ ልጅ የጠቀስከው ድልድይ ለእኔ ትውልድ ከአዲስ አበባ ያን ያህል ሩቅ አልነበረም።

አሁን ወደ ነገሬ። ማኅደር፣ ልጄ፣ ዓመቱን በትክክል መርጠሻል፤ ምክንያቱን ግን አልመረጥሽም። ሰልማ ደም የፈሰሰው ማርች 7 ነው አይደል? በማግስቱ ማርች 8 የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደሮች (ማሪኖች) ቬትናም፣ ዳ ናንግ ባሕር ዳርቻ ላይ ወረዱ፤ ለውጊያ የተላከ የመጀመሪያው የእግረኛ ኃይል ነው። የከተማው ልጃገረዶች የአበባ ጉንጉን ይዘው ተቀበሏቸው። የአዛዡ የጄኔራል ፍሬድሪክ ካርች ፎቶግራፍ አለ፤ አንገታቸው ላይ አበባ፣ ፊታቸው ላይ ኩርፊያ። ፈልጋችሁ እዩት፣ ጦርነቱን ሁሉ አስቀድሞ የነገረ ፊት ነው።

ሌላ ጥንድ ቀን ልስጣችሁ። ጁላይ 28 ጆንሰን በቬትናም ያለውን ጦር ከ75,000 ወደ 125,000 እንደሚያሳድጉ በእኩለ ቀን መግለጫ ተናገሩ፤ ተጠባባቂ ጦር አልጠሩም፣ ግብርም አልጨመሩም፤ ሕዝቡ ጦርነት መግባቱን በቅጡ እንዳያውቅ ነው። ጁላይ 30 ወደ ሚዙሪ በርረው በአረጋዊው ትሩማን ፊት ሜዲኬርን፣ የአረጋውያንን የጤና መድን፣ ፈረሙ። ያው ሰውዬ፣ ያው ሳምንት፣ ያው ብዕር። የዓመቱ መጨረሻ ላይ ቬትናም የነበረው ጦር 184,000 ደርሶ ነበር፤ ጦርነቱ እስኪያልቅ ከ58,000 በላይ አሜሪካዊ ሞተ፤ የቬትናማውያኑን ሙታን የቆጠራቸው ማን ነው።

የዛሬው አሜሪካዊ መንግሥቱ የሚለውን ለማመን የሚቸገረው ከዚያ ወዲህ ነው። የኢሚግሬሽን ሕግ ሕዝቡን ለወጠ ትያለሽ፤ ቬትናም ደግሞ ሕዝቡና መንግሥቱ የሚተያዩበትን ዓይን ለወጠ። በርበሬ ተራ፣ ያንተም 1973 ከዚሁ የተወለደ ነው። ያለ ግብር የተዋጉት ጦርነት ነው ዋጋ ንረቱን የቀሰቀሰው፤ ተጨማሪው ግብር የመጣው በ1968 ነው፣ ጅብ ከሄደ በኋላ።

---

ዝም አይነቅዝም
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡18

መምህር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እኛ ለአሜሪካ ዓመት ስንመርጥላት እነርሱ ለእኛ አንድ ቀን እንኳ ይመርጡልናል?

---

ጡረተኛው መምህር
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡40

ሳቅ አልከለክልህም። ነገር ግን ሰልማ ላይ ዱላ ከመውረዱ ከጥቂት ቀናት በፊት፣ በዚያው በየካቲት 1957፣ አዲስ አበባ ላይ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ወጥተው ነበር። ለአሜሪካ ዓመት ስንመርጥላት ሳይታወቀን የራሳችንንም እየመረጥን ነው።

---

ነገረ ፈጅ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

ሙያዬ ሕግ ስለሆነ ስለ 1965ቱ ሕግ ማኅደር የዘለለቻቸውን ሁለት ነገሮች ላክል። አንዱ ክርክሯን ያጠናክራል፣ ሌላው ያደበዝዛል።

ከሚያደበዝዘው ልጀምር። ሕጉ በር ከፋች ብቻ አልነበረም፤ ለምዕራቡ ንፍቀ ክበብ በር ዘጊ ነው። ከ1965 በፊት ከሜክሲኮና ከሌሎች የአሜሪካ አህጉር አገሮች በሚመጡ ሰዎች ላይ የቁጥር ገደብ አልነበረም። አዲሱ ሕግ ለምሥራቁ ንፍቀ ክበብ 170,000፣ ለአንድ አገር ከ20,000 የማይበልጥ ቪዛ ሲመድብ፣ በምዕራቡ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ 120,000 የሚል ጣሪያ ጣለ። ያውም የሜክሲኮ የእርሻ ሠራተኞችን በኮንትራት ያመላልስ የነበረው ስምምነት በ1964 መጨረሻ በተዘጋ ማግስት። በ1976 ደግሞ የ20,000ው ጣሪያ በሜክሲኮም ላይ ተጫነ። የካሊፎርኒያ እርሻ ግን ሠራተኛውን መፈለጉን አላቆመም፤ ሰውየውም መምጣቱን አላቆመም። የተለወጠው ስሙ ነው፦ ትናንት ወቅታዊ ሠራተኛ የነበረው ዛሬ «ሕገ ወጥ» ተባለ። በ1986 በወጣው ሕግ ወረቀት ያገኙት ብቻ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ስለዚህ የዛሬው የድንበር ጠብ ግማሹ የተጻፈው በዚያው በነጻነት ሐውልት ሥር በተፈረመው ወረቀት ላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር ለእኛ ቅርብ ነው። ሕጉ ስደተኞችን የሚመለከት ሰባተኛ የቅድሚያ ደረጃ ነበረው፤ ከምሥራቁ ንፍቀ ክበብ ቪዛ ስድስት በመቶ፣ ማለትም 10,200። የሚሰጠውም ከኮሚኒስት አገር ወይም «ከመካከለኛው ምሥራቅ አጠቃላይ አካባቢ» ለሸሸ ሰው ነው። ሕጉ ይህን አካባቢ ሲተረጉም በምዕራብ ሊቢያን፣ በሰሜን ቱርክን፣ በምሥራቅ ፓኪስታንን፣ በደቡብ ሳዑዲ ዓረቢያንና ኢትዮጵያን ጨምሮ ይላል። አዎን፣ በትክክል አንብባችኋል፤ በአሜሪካ የስደተኛ ሕግ እኛ የመካከለኛው ምሥራቅ ደቡባዊ ጠርዝ ነበርን። ኬንያዊው ስደተኛ በዚያ አንቀጽ መግባት አይችልም፣ ኢትዮጵያዊው ይችላል። ያን መስመር ሲያሰምሩ አንድም ሰው ስለ አዲስ አበባ ያሰበ አይመስለኝም። የማኅደር «ያልታሰበ አንቀጽ» ማለት ይህ ነው።

---

ከፖቶማክ ማዶ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡50

ከሥራ ገብቼ ነው ያነበብኩት፣ እዚህ ቨርጂኒያ ገና ቀን ነው። ጽሑፍ አልችልበትም፣ ግን ስለ እኔ እየተወራ ዝም አልልም።

ጉዳዩን ከታች ልንገራችሁ። በንጉሡ ዘመን እዚህ የመጣው ኢትዮጵያዊ ተማሪ ነበር፤ ተምሮ ይመለሳል፣ ሹመት ይጠብቀዋል። አጎቴ ከእነርሱ አንዱ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ እዚህ የነበረው መመለሻ አጣ፤ እዚያ የነበረው ወደ ሱዳን ተሰደደ። በ1980 ካርተር የስደተኞችን ሕግ ሲፈርሙ ከገዳሪፍና ከካርቱም ሰው በብዛት መምጣት ጀመረ። ዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ማኅበረሰብ ሥር የያዘው ያኔ ነው።

እኔ የመጣሁት በዲቪ ነው። ስለ ዲቪም ማኅደር ያላነሣችው ታሪክ አለ፤ የእርሷን ነገር ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው እርሱ ይመስለኛል። የ1965ቱ ሕግ ዘመድ ያለውን ስለሚያስቀድም አየርላንዳውያን ተቸገሩ፤ አያቶቻቸው ከሄዱ ዘመን አልፏል፣ የቅርብ ዘመድ የላቸውም። በምክር ቤቱ ያሉ የአየርላንድ ተወላጆች ለእነርሱ ሲሉ በ1990ው ሕግ ውስጥ የዕጣ ቪዛ አስገቡ። ለመሸጋገሪያው ሦስት ዓመታት ከዕጣው አርባ በመቶውን ለአየርላንድ ብቻ ነው የያዙት። ቋሚው ዕጣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀምር አየርላንድ ወዲያው ሀብታም ሆነችና ዕጣውን እኛ ወሰድነው። ለደብሊን የታሰበው ደብረ ብርሃን ደረሰ።

የሞላሁበት ቤት ትዝ ይለኛል። በር ላይ በእጅ የተጻፈ «ዲቪ እንሞላለን፣ ፎቶ እናነሣለን» የሚል ካርቶን፤ ውስጥ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ተወጥሮ አግዳሚ ወንበር ላይ የተደረደረው ሰው ተራ በተራ ይቆማል። ልጁ «ጆሮ ይታይ» እያለ የሴቶቹን ነጠላ ወደ ኋላ ይመልሳል።

አሁን ቅሬታዬ። ማኅደር ቤተሰብ ቤተሰብን ጠራ ስትይ ቀላል ይመስላል። ዜጋ ሆኜ ለወንድሜ አመልክቻለሁ። የወንድምና የእኅት ተራ ከአሥር ዓመት በላይ የሚፈጅ ነው፤ ሳመለክትለት ወንደላጤ የነበረ ልጅ ዛሬ ልጆች አሳድጎ ጉዳዩን ከናካቴው ረስቶታል። ሕጉ ጠሪ ነው ትላላችሁ፤ የሚጠራው ግን በጣም ቀስ ብሎ ነው።

---

በርበሬ ተራ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ከፖቶማክ ማዶ፣ የጻፍከው ከእኔ አኃዝ ይሻላል፣ አልዋሽህም። ጥያቄ አለኝ ግን። አንተ እዚያ የምትሠራው ሥራ ማኅበር አለው? ጡረታ አለው? በ1955 የነበረው የዲትሮይት ሠራተኛ ሁለቱም ነበሩት። 1965 በሩን ከፈተልህ፤ 1981 ደግሞ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ዕቃ አወጣው። ስትገባ ባዶ ክፍል ነው ያገኘኸው።

---

ከፖቶማክ ማዶ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡30

ማኅበርም ጡረታም የለውም። መኪናዋም የእኔ፣ ነዳጇም የእኔ ነው። እውነት ብለሃል። ግን ባዶ ክፍል ያልከው ውስጥ ሴት ልጄ የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ ነው።

---

ማኅደር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡25

ስለ ነርስ ከተነሣ፣ በመምህር የተጠቀሰው ሜዲኬርና የእኔ ሕግ የተገናኙበትን ቦታ ልንገራችሁ። ሆስፒታል ውስጥ ነው።

እስከ 1965 ድረስ በደቡብ ግዛቶች ብዙ ሆስፒታሎች ጥቁርን ጭራሽ አይቀበሉም፣ ወይም ምድር ቤት ባለ ለብቻው ክፍል ያስተኛሉ፤ ደምን እንኳ በዘር ለይተው የሚያስቀምጡ ነበሩ። የ1964ቱ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ተቋም ዘር እንዳይለይ ከልክሎ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ገንዘብ ካልመጣ ክልከላው ማንን ያስፈራል? ሜዲኬር ገንዘቡን ይዞ መጣ። ክፍያው የሚጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1966 ስለነበር ተቆጣጣሪዎች በየሆስፒታሉ እየዞሩ አልጋ አልጋውን አዩ፤ ነጭና ጥቁር ለይቶ ያስተኛ ገንዘቡን አያገኝም። ትምህርት ቤቶች ተማሪን በዘር መለየትን ከከለከለው ከ1954ቱ የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ የተንፏቀቁበትን ነገር አብዛኞቹ ሆስፒታሎች በጥቂት ወራት ውስጥ ፈጸሙት። ያለ ሰልፍ፣ በሒሳብ ክፍል በኩል።

የአረጋውያን ሕክምና ሲከፈልለት ታካሚው በዛ፤ ሐኪም ደግሞ አነሰ። ማን ሞላው? በዚያው ዓመት በሩ የተከፈተለት ሕንዳዊ፣ ፊሊፒናዊ፣ ፓኪስታናዊ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከሚሠሩት አራት ሐኪሞች አንዱ ገደማ የተማረው በሌላ አገር ነው። በሁለት ወር ልዩነት የተፈረሙት ሁለቱ ሕጎች እርስ በርስ ይተዋወቁ አልነበረም።

መምህር፣ ስለ ቬትናም ያሉትን ከልቤ አስቤበታለሁ። ጦርነቱ እምነትን እንደሰበረ አልከራከርም። ነገር ግን አሜሪካ ከቬትናም በኋላም ያንኑ ጨዋታ ደጋግማ ተጫውታዋለች፤ ሕዝቡ አላምንም እያለ ኢራቅ ድረስ ተከትሎ ሄዷል። በሰበረው ልክ የለወጠ አይመስለኝም።

ነገረ ፈጅ፣ የሜክሲኮውን ነገር ወደ ጽሑፌ አስገባዋለሁ፤ ሕጉ በአንድ እጁ ከፍቶ በአንድ እጁ መዝጋቱ ክርክሬን ያወሳስበዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ዘጊውም ክፍል ቢሆን አርቃቂዎቹ ያላሰቡትን ነው ያመጣው። የመካከለኛው ምሥራቅ አንቀጽ ግን መቼ ነው የተሻረው?

---

ጡረተኛው መምህር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

ኢራቅን ያመጣሽው ለእኔ ነው የሚመሰክረው፣ ልጄ። በቬትናም ጊዜ የግዳጅ ምልመላ ነበር፤ የሐኪምም የገበሬም ልጅ ሊጠራ ይችላል፣ በመሆኑም ሕዝቡ ተነሣ። በ1973 ግዳጁን አስቀርተው ጦሩን ፈቃደኛ አደረጉት። ኢራቅ ላይ ሕዝቡ ዝም ያለው ልጁ ስላልተጠራ ነው። ይህ ትንሽ ለውጥ ነው? አስቢበት፤ ጽሑፍሽን ስትጨርሺ ግን ላኪልኝ፣ በቀይ እስክሪብቶ ነው የማነበው።

---

ነገረ ፈጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡35

ማኅደር፣ የተሻረው ከፖቶማክ ማዶ በጠቀሰው በማርች 1980ው የስደተኞች ሕግ ነው። ያ ሕግ ኮሚኒስትና መካከለኛው ምሥራቅ የሚለውን ሁሉ አስቀርቶ የተባበሩት መንግሥታትን ትርጓሜ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ እንደገና አፍሪካውያን ሆነናል። መምህሩ ስለ ምልመላው ያነሡትን ግን ሳትመልሺ እንዳታልፊ፤ ጠንከር ያለ ነው።

---

ዝም አይነቅዝም
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡41

ከፖቶማክ ማዶ፣ ዘንድሮ ዲቪ ለመሙላት ፎቶው ላይ አሁንም ጆሮ መታየት አለበት እንዴ?